ካርቦኑ ይቆይ፣ መጀመሪያ ልኩ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ተደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ ስለ ፖለቲካም ስለ ዶላርም አይደለም። (እሺ፣ ዞሮ ዞሮ ስለ ዶላር ነው።) «ትሪያትሎን ልጀምር ነው፤ የመጀመሪያዬ የካርቦን ሳይክል የትኛው ይሁን?» ይላል። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ሯጮች ናቸው፤ ዋና የለመዱ፣ አሜሪካ ወይም ዱባይ «ይዤልህ እመጣለሁ» የሚል ዘመድ ያላቸው። መልሴ ብዙዎቹን አያስደስትም፦ የምርት ስሙን ተዉትና ልካችሁን እወቁ።

ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። የ2,500 ዶላር ሳይክል ያኔ በባንክ ሒሳብ 142 ሺህ ብር አካባቢ ይሆናል። ዛሬ ከእጥፍ በላይ ነው። ይህን ያህል አውጥቶ ልኩ ያልሆነ ሳይክል የገዛ ሰው ወስዶ የሚመልስበት ሱቅ የለውም፤ ሻጩ ያለው ሜሪላንድ ነው።

የቢንያም ግርማይን የ2024 የቱር ደ ፍራንስ አረንጓዴ ማልያ ያየ ሁሉ የእሱን ዓይነት ሳይክል ቢመኝ አይገርምም። ግን የእሱም ቢሆን በደንቡ ከ6.8 ኪሎ በታች መሆን አይፈቀድለትም። እኛ ደግሞ ለግራም ስንጨነቅ እናድራለን። እስቲ እናስላው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 9 ኪሎ ሳይክል ይዞ እንጦጦን በ20 ደቂቃ ቢወጣ፣ ሳይክሉ አንድ ኪሎ ቢቀልለት የሚያተርፈው 15 ሰከንድ ገደማ ነው። ለዚያች 15 ሰከንድ የሚከፈለውን የዋጋ ልዩነት እናንተው ፈልጉት።

ሜዳ ላይ ትልቁ ጠላት ነፋስ ነው። በኦሊምፒክ የሚወዳደሩት በመንጋ እየተከላለሉ ይነዳሉ፤ ለእኛ ቢጤ አማተሮች ግን በአብዛኞቹ ውድድሮች የሌላውን ጀርባ መከለያ ማድረግ ያስቀጣል። ሩዋንዳ ሩባቩ ላይ የሚደረገውን የ70.3 ውድድር ብታስቡ፣ 90 ኪሎ ሜትሩን ከነፋሱ ጋር የምትጨርሱት ብቻችሁን ነው። ነፋሱን በብዛት የሚገጨው ደግሞ የነጂው ገላ እንጂ ፍሬሙ አይደለም። ስለዚህ ጀርባችሁ ሳይቆረጥ ዝቅ ብላችሁ ረጅም ሰዓት የምትቆዩበት ሳይክል፣ ውድ ሆኖ ቀና ብላችሁ እንድትነዱ ከሚያስገድዳችሁ ይፈጥናል። ከዚያም ወርዳችሁ የምትሮጡት በዚያው ወገብ ነው፤ ይህን ሯጭ ሁሉ ይረሳዋል።

ልክ ሲባል ቁመት ብቻ አይደለም። አንዱ ፋብሪካ 54 የሚለውን ሌላው 56 ይለዋል። ጠይቁ የምላችሁ ሁለት ቁጥር ነው፦ ከፔዳሉ መዞሪያ መሐል እስከ መሪው ተሸካሚ አናት ያለው ከፍታ፣ እና በዚያው መካከል ያለው የአግድም ርቀት። ሁለቱንም አምራቹ በሰንጠረዥ ያወጣል። አሁን የምትነዱት ሳይክል ከተስማማችሁ ቁጥሮቹን ለክታችሁ አወዳድሩ። የትሪያትሎን ብቻ የሆነውን፣ ክርን የሚያስደግፈውን ሳይክል ለሁለተኛ ጊዜ አቆዩት፤ ቁልቁለትና የአዲስ አበባ ታክሲ መሐል አይመችም። ክርን ማስደገፊያው በርካሽ ለብቻው ይገኛል፤ መሪው ካርቦን ከሆነ ግን እንዲታሰርበት አምራቹ መፍቀዱን አረጋግጡ።

ካርቦንን እያጣጣልኩ አይደለም። ቀላል ነው፣ የመንገዱንም ንዝረት ይውጣል። የሚያስፈራኝ ያገለገለው ነው። አሉሚኒየም ሲመታ ይጎደጉዳል፣ ይጣመማል፣ ታዩታላችሁ። ካርቦን ግን ላዩ አምሮ ውስጡ ተላቆ ሊቆይና አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ድንገት ሊሰበር ይችላል። በጣት እያንኳኩ ድምፁን መስማት አይበቃም። ዘመድ የላከው የሚያብረቀርቅ ፎቶ ደግሞ ምንም አይነግራችሁም።

እንግዲህ ያገለገለ ካርቦን ልትገዙ ከሆነ ዘመዳችሁ እዚያው ወደ ጥገና ባለሙያ ይውሰደው። የፊት ሹካው ይፈታ፣ በመሪው ስር ያለው ግንድ ይታይ፣ የኮርቻው ዘንግ ይውጣ። አዲስ ቀለም የተቀባ ከሆነ ለምን እንደተቀባ ይጠየቅ። ብሎን ስታጠብቁም በግምት አይሁን፤ ብዙውን ጊዜ ክፍሉ ላይ ወይም በአምራቹ መመሪያ ውስጥ ስንት ኒውተን ሜትር እንደሚል ተጽፏል፣ የሚለካ መፍቻ ያስፈልጋል። ለጎማም ገንዘብ አስቀሩ፤ ቢያንስ 28 ሚሊ ሜትር የሚገባበት ፍሬም ፈልጉ፣ መንገዳችንን ታውቁታላችሁ። ሻጩ «አይፈታም፣ እንዳለ ውሰደው» ካለ በዚያው ዋጋ አዲስ አሉሚኒየም ከካርቦን ሹካ ጋር ይገኛል።