ቁጥጥሩ ሽቅብ፣ ቅጣቱ ቁልቁል

ሰኔ 1 ቀን 2015 ዓ.ም. የአሜሪካው የተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ በመላ ኢትዮጵያ የምግብ እርዳታ ማቆሙን አስታወቀ። በማግስቱ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ተከተለው። ለተቸገረ የመጣ ስንዴ ገበያና ዱቄት ፋብሪካ ተገኝቷልና ምክንያቱ የሚካድ አልነበረም። ግን የተሰረቀው ማን ነበር? የተቀጣውስ?

በአማራ ክልል ዋግ ኽምራ ዞን ያ ክረምት ዝናብ የነሣበት ክረምት ነበር። የሰሃላ፣ የዝቋላና የአበርገሌ ወረዳዎች በድርቅ ተመቱ። ሰቆጣ ከተማና አካባቢዋ ደግሞ በሰሜኑ ጦርነት የተፈናቀሉትን እንደያዙ ነበሩ። ሌባው እስኪፈለግ ድረስ ስንዴው ከእጁ የወጣበት ሰው ወራት ጠበቀ፤ ዩኤስኤአይዲ ስርጭቱን እንደሚቀጥል የተናገረው በኅዳር 2016 ነው።

አዲስ አበባ ላይ ለእንዲህ ዓይነቱ ጣጣ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ ቁጥጥር ይጥበቅ፣ ቅንጅት ይጠናከር። ለጋሾችና ተቀባዮች በ1997 ፓሪስ ላይ የተፈራረሙትም ይህንኑ ነበር። ወረዳ ላይ ግን የእርዳታው ገንዘብ ዛሬም በሦስት በር ይገባል። ቻናል አንድ በፋይናንስ ጽሕፈት ቤት፣ ቻናል ሁለት በሴክተር መሥሪያ ቤቶች፣ ቻናል ሦስት በእርዳታ ድርጅቶች። የሪፖርቱ ቅጽና የማስረከቢያው ቀን እንደየለጋሹ ነው። ሁሉም ሪፖርት ወደ ላይ ይሄዳል፤ ለቀበሌው ነዋሪ ተብሎ የሚጻፍ የለም።

ሰቆጣ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ስሟ በቅንጅት ሰነድ ላይ አለና። መንግሥት በሐምሌ 2007 የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ሲያውጅ እስከ 2022 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን መቀንጨር ሊያስወግድ ቃል ገብቷል። ሥራው በአማራና በትግራይ የተከዜ ተፋሰስ 40 ወረዳዎች ተጀመረ። ጤናን፣ ግብርናን፣ ውኃንና ትምህርትን አንድ ላይ ማሰሩ ትክክለኛ ሐሳብ ነበር። ሆኖም የተቀናጁት መሥሪያ ቤቶች ናቸው። የሕፃኑ እናት በተጠቃሚነት ተቆጥራ ትገባለች እንጂ፣ የተገባላት ነገር ሲቀር ተጠያቂውን የምትጠራበት መንገድ አልተሠራላትም።

እህሉ ወደሚከፋፈልበት ቦታ ወረድ እንበል። የአንድ ሰው የወር ራሽን 15 ኪሎ እህል ነው፤ ጆንያው ግን 50 ኪሎ ይይዛል። ስለዚህ ሰዎች በቡድን ይካፈላሉ፣ ሲሰፈርም ይጓደላል። ለአህያ ኪራይና ለወፍጮ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ከሌለ፣ ከዚያው ስንዴ ጥቂቱ ይሸጣል። ያልተመዘገበ ጎረቤት ካለ ደግሞ ይቆነጠርለታል። ከሩቅ ለሚያይ ተቆጣጣሪ ይህም ያው “ገበያ ላይ የተገኘ እርዳታ” ነው። የቤተሰቡን ሁለት ጣሳ ከመኪና ሙሉ ዘረፋ ለመለየት ሰፈርተኛውን መጠየቅ ይበቃ ነበር።

ከእገዳው በኋላ የመጡት ማሻሻያዎች ጥቅም አላቸው፤ ምዝገባው ዲጂታል ሆነ፣ መኪናዎች በጂፒኤስ ይታያሉ። ነገር ግን ጂፒኤስ መኪናው የት እንደደረሰ ያሳያል እንጂ ሴትዮዋ ስንት ኪሎ ይዛ እንደተመለሰች አያሳይም።

አገር ውስጥ የተሻለ ጅምር አልጠፋም። በ1997 የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም የተጠቃሚዎች ስም ዝርዝር በአደባባይ እንዲለጠፍ፣ በየቀበሌውም አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲቋቋም ይደነግጋል። ችግሩ አቤቱታ ሰሚውም ዝርዝር አውጪውም ብዙ ጊዜ ከዚያው ቀበሌ ሰዎች መሆናቸው ነው። መሬቱ፣ ማዳበሪያውና መታወቂያው በቀበሌ እጅ ሳሉ፣ ስለ 15 ኪሎ ስንዴ ማን ይጣላል?

ለጋሾች እርዳታው “የግብር ከፋዮቻችን ገንዘብ ነው” ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ግን ግብር ከፋዩ የላከው ለተራበው ነው፣ ስለዚህ ደረሰ አልደረሰም ብሎ ለመመስከር ከተራበው የሚቀርብ የለም። ከመጋዘን የወጣው መጠን በአማርኛና በኽምጣና ቀበሌው ደጃፍ ላይ ይለጠፍ፤ አቤቱታውን ከቀበሌው አስተዳደር ውጭ ያለ አካል ይስማ፤ ስርቆት ሲገኝም አከፋፋዩ ይቀየር እንጂ ራሽኑ አይቁም።

ይህ ካልሆነ ምን እንደሚመጣ ታይቷል። በጥር 2017 ዋሽንግተን የውጭ እርዳታን ለ90 ቀናት ስታግድ ያኔ ምክንያቱ የኢትዮጵያ ስርቆት እንኳ አልነበረም። በዚያው ዓመት ሰኔ 24 ቀን ዩኤስኤአይዲ ራሱ ተዘጋ። ከወረዳ ሽቅብ ይላክ የነበረው ሪፖርት ተቀባዩን አጣ፤ ግልባጩም ለቀበሌው ነዋሪ ቀድሞውንም አልተሰጠውም ነበር።