ለጥሪ ወረቀት ብድር አንግባ

በውጭ አገር በምንገኝ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች መካከል ስለ ሠርግ ወጪ ብዙ ይወራል፤ ስለ ድግሱ፣ ስለ ልብሱ፣ ስለ አዳራሹ ኪራይ። የጥሪ ወረቀቱ ግን ትንሽ ነገር ስለሚመስል የሚያነሣው የለም። ጠጋ ብሎ ለተመለከተው ሰው ሙሽሮቹ የመጀመሪያውን ዕዳ የሚገቡት እዚሁ ላይ ነው። አል ቁሰይስ ውስጥ አንድ ክፍል ለብዙ ተከራይተው፣ ጧት ወደ ሻርጃ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ወይም ወደ ዱባይ አካዳሚክ ሲቲ ተሳፍረው የሚማሩ ጓደኞቻችን፣ በከፋይ ሣጥን የተቀመጠና መስተዋት በመሰለ ፕላስቲክ ላይ የታተመ ጥሪ ለማሠራት የወር ቀለባቸውን ሲያወጡ አይተናል። ተጋባዡ ሣጥኑን ከፍቶ ያያል፣ ቀኑን ያነባል፣ ሣጥኑንም ቁም ሣጥን ላይ ይሰቅለዋል። ከዚያ በኋላ የሚያስታውሰው የለም።

ይህን ወጪ ያመጣው ምንድን ነው? በእኛ አስተያየት ፉክክር ነው። የእገሌ ጥሪ እንዲህ ነበር ስለተባለ የእኛም ከዚያ አያንስ ይባላል፤ ቀጥሎ የሚያገባው ደግሞ ከሁለቱም በልጦ ለመገኘት ይበደራል። ጠሪ አክባሪ ነው ሲባል ግን አባባሉ ስለ ሣጥን የሚናገረው አንዳች ነገር የለም። አገር ቤት ጠሪ ልኮ በቃል ማስጠራት የኖረ ወግ ነው፤ በቃል የተጠራም ሰው ተዋረድሁ ብሎ ቀርቶ አያውቅም።

በሌላ በኩል ወረቀት ጭራሽ ይቅር፣ በዋትሳፕና በቴሌግራም ይላክ የሚሉ አሉ። እነዚህ ግማሽ እውነት ይዘዋል። እዚሁ ዱባይና ሻርጃ ላለ ተማሪ የስልኩ ምስል ይበቃዋል፤ ለእርሱ ወረቀት ማተም ገንዘብ ማባከን ነው። አገር ቤት ላሉ ሽማግሌዎች ግን ወረቀቱ በሰው እጅ ደጃቸው መድረሱ ራሱ የጥሪው ግማሽ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሙሽራ ከአጎቶቹ ጋር ይቀያየማል።

ከሁሉ ይበልጥ ልናስብላቸው የሚገቡት ግን በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን ናቸው። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢማራት የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ይሰጣል፤ ያ ቀን ግን ከሠርጉ ቀን ጋር ላይገጥም ይችላል። ቀን ለማስቀየር አሠሪዋን የምትጠይቅ እኅት በእጇ የምታሳየው፣ ቀኑና ቦታው በዐረብኛና በእንግሊዝኛም የተጻፈበት ወረቀት ቢኖራት ይረዳታል። ለእርሷ ጥሪው አንድ ወር ቀድሞ ይድረስ። በዋዜማው የሚላክ ጥሪ ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ዓይነት ነው።

እንግዲህ ወረቀቱ የሚያስፈልገው ለጥቂቶች ከሆነ ራሳችን ልንሠራው እንችላለን። የቀደሙት ተማሪዎች ልሳኖቻቸውን በስቴንስል እየጻፉ፣ እጀታ እያዞሩ ሲያባዙ ኖረዋል። እኛ ኮምፒዩተር በየኪሳችን ይዘን አንድ ገጽ ጥሪ ማዘጋጀት ሊያቅተን አይገባም።

ሂሳቡ ቀላል ነው። አንድ ኤ4 ሉክ ወረቀት ለአራት ሲቆረጥ አራት የኤ6 ካርድ ይወጣዋል። ስለዚህ ለ100 ካርድ 25 ሉክ ይበቃል፤ ለብልሽት አምስት ይጨመር። ጥሪው በነፍስ ወከፍ ሳይሆን «ከነቤተሰብዎ» ተብሎ በቤት ከተቆጠረ 100 ካርድ ትልቅ ሠርግ ይጠራል። ወረቀቱ በካሬ ሜትር 200 ግራም የሚመዝነው ይሁን፤ ተራው የጽሕፈት ወረቀት 80 ግራም በመሆኑ በእጅ ሲይዙት ይልፈሰፈሳል፣ በጣም የወፈረው ደግሞ የቤት ማተሚያ ማሽኑን ያስቸግራል። ክብደቱም ቢታሰብ 25ቱ ሉክ 312 ግራም ገደማ ነው፤ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሻንጣው ጥግ ላይ ቢያኖረው አይሰማውም። የፕላስቲኩን ጥሪ 100 ፍሬ አድርስልን ብሎ መንገደኛ መለመን ግን ሌላ ነገር ነው። ፖስታ ለመግዛት የማይፈልግ ሰው ሉኩን ለሁለት ብቻ ቆርጦ እያንዳንዱን ቢያጥፈው ራሱን የሸፈነ ኤ6 ይሆንለታል፤ ሉኩ ግን እጥፍ ያስፈልገዋል። ከመታጠፉ በፊት ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ በማስመሪያ ላይ አስደግፎ መስመሩን መጫን ነው፤ ያለዚያ ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል።

ጌጡን በተመለከተ ባለቀለም ኅትመት አያስፈልግም። ጥቁር ቀለም በነጣ ያለ ቢጫ ወረቀት ላይ ያምራል። ከብራና መጻሕፍት ሐረግ አንዱን አይቶ በእጅ መሣልና አናቱ ላይ ማተም ይቻላል። ያረጀ ነጠላ ያለው ሰው ጥለቱን በቀጭኑ ቆርጦ ቢለጥፍበት የትኛውም ሱቅ የማይሸጠው ካርድ ይሆናል።

ፊደሉ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። እዚህ ያሉት ማተሚያ ቤቶችና የታይፒንግ ሱቆች ዐረብኛና እንግሊዝኛ ለምደዋል፤ አማርኛ አያውቁም። አንድ ጓደኛችን ጽሑፉን በፍላሽ ወስዶ ሲሰጣቸው የእጮኛው ስም ተርታ ባዶ ሣጥን ሆኖ ታትሞለታል። ምክንያቱ ኮምፒዩተሩ የግዕዝ ፊደል ስላልነበረው ነው። የቀድሞዎቹ የአማርኛ ፕሮግራሞች የየራሳቸው አሠራር ስላላቸው ከሌላ ኮምፒዩተር ሲገቡ ጽሑፉ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይሆናል። ግዕዝ ዩኒኮድ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን መፍትሔ አለ። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል እና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የሚባሉት ፊደላት በነፃ ይገኛሉ። (ኖቶ የተባለው «ቶፉ ይቅር» ለማለት ነው፤ ቶፉ የሚሉት ያንኑ ባዶ ሣጥን ነው።) በእነዚህ ጽፎ ሥራውን በፒዲኤፍ ማስቀመጥና ፊደሉ አብሮ መታሸጉን ማረጋገጥ ነው። ከዚያ በኋላ አማርኛ የማያውቅ አታሚም ቢሆን የተሰጠውን እንዳለ ያትማል።

ቀንና ሰዓቱስ? ብዙ ጥሪ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። እሑድ ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. በአውሮፓው አቆጣጠር ጃንዋሪ 25 ቀን 2026 ነው፤ ሁለቱም ይጻፉ። በልምድ እየቆጠሩ መገመት ግን አያዋጣም፤ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ስለምትሆን በማግስቱ ዓመት ቀኑ በአንድ ይገፋል። ዘንድሮ ጃንዋሪ 19 ነው ያልነው ጥምቀት በ2020 ዓ.ም. ጃንዋሪ 20 ላይ የሚውለው ለዚህ ነው። «ከቀኑ 6 ሰዓት» የሚለውን ሕንዳዊ ወይም ፊሊፒናዊ የሥራ ባልደረባ ማታ ነው ብሎ ቢመጣ ጥፋቱ የጠሪው ነው፤ ከጎኑ 12 ሰዓት እኩለ ቀን ተብሎ በእንግሊዝኛ ይብራራ። ሠርጉ አገር ቤት ሆኖ እዚህ ያለው ወዳጅ በስልክ የሚከታተል ከሆነም ዱባይ በአንድ ሰዓት እንደምትቀድም አይዘንጋ፤ የአዲስ አበባው እኩለ ቀን እዚህ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ነው።

ወቅቱም ይታሰብበት። በዐቢይ ጾም ሠርግ ስለሌለ ጥርና የፋሲካ ማግስት ይጨናነቃሉ፤ ከረመዳን በኋላም እንዲሁ ነው። አገር ቤት ለማሳተም ያሰበ ሰው በዚያ ሰሞን ወረፋ ይጠብቀዋል፤ ብሩ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባው ወረቀት ዋጋው አብሮ ንሯል።

የመጨረሻው ጉዳይ የጽሑፉ ቃል ነው። በወጋችን ጥሪው የሚወጣው በወላጆች ስም ነው፤ «ልጃችን» ብሎ ይጀምራል። ስለዚህ ሙሽሮቹ እዚህ ሆነው ቢጽፉትም ወላጆች ሳያዩት አይታተም። ማን ከማን ስም እንደሚቀድም፣ የሞተ አባት ስም እንዴት እንደሚገባ፣ ለአሳዳጊ አክስት ምን ተብሎ እንደሚጻፍ እነርሱ ያውቃሉ። አንድ ቅጂ በስልክ ይላክላቸውና ቢያንስ ሦስት ቀን ይሰጣቸው፤ ከዘመድ ጋር ሳይመካከሩ መልስ አይሰጡምና።