ሥጋትም እንደ ንብረት ርክክብ ይደረግበት

በመንግሥት መሥሪያ ቤት አንድ ሹም ከቦታው ሲዛወርና ሌላው ሲተካ ርክክብ ይደረጋል። ወንበሩና ጠረጴዛው፥ የብረት ሣጥኑና መኪናው፥ መጋረጃው ሳይቀር አንድ ባንድ እየተቈጠረ ይጻፋል፤ አስረካቢውም ተረካቢውም ይፈርሙበታል። ከተቈጠረውም ዕቃ አንዲት ወንበር የጐደለች እንደ ሆነ ጠያቂና ተጠያቂ አይታጣም። ነገር ግን የመዝገብ ቤቱ ጣራ በክረምት እንደሚያፈስ፥ የኤሌክትሪኩ ገመድ ከተዘረጋ ብዙ ዘመን እንዳለፈው፥ የኋለኛው በር ቁልፍ ከማን ዘንድ እንዳለ እንዳልታወቀ፥ የሒሳቡን ኮምፒዩተር የምስጢር ቃል የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ እንደ ሆነ፥ ይኸን ሁሉ ቈጥሮ የሚያስረክብና ቈጥሮ የሚረከብ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ወንበሩ በመዝገብ ሰፍሮ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፥ ወንበሩን ከነቤቱ ሊያጠፋ የሚችለው ነገር ግን ሳይጻፍ ይቀራል።

አደጋ የሚባለው የደረሰው ነገር ነው፤ ሥጋት የሚባለው ግን ገና ያልደረሰውና ሊደርስ የሚችለው ነው። ዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2009 አውጥቶ በ2018 ባሻሻለው፥ ቍጥሩ 31000 በሆነው መመሪያ፥ ሥጋት ማለት እርግጠኛ አለመሆን ባንድ ዓላማ ላይ የሚያመጣው ውጤት ነው ብሎ ተርጕሞታል። ቃሉ ቢከብድም ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው። መሥሪያ ቤቱ የቆመለት ሥራ ምንድን ነው? ያንን ሥራስ ምን ሊያቋርጠው ይችላል? በዚህ አተረጓጐም እሳትና ጐርፍ ብቻ ሳይሆኑ፥ የአንድ ዐዋቂ ሠራተኛ ድንገት መታመም፥ የመድኃኒት ግዥ ውል መዘግየት፥ የማኅተም መጥፋትም ሥጋት ናቸው። ለእያንዳንዱም የሚመለከተው ክፍል አለው። ጥያቄው ክፍሎቹ የሚያውቁትን ሁሉ ባንድ ቦታ የሚያገናኘው ማን ነው የሚለው ነው።

በዚህ ነገር በቅርቡ ከፍ ያለ ትምህርት የተገኘው ኢትዮጵያውያን ዘማቾች ደማቸውን ካፈሰሱላት ከደቡብ ኮሪያ ነው። ይህች አገር በኮምፒዩተር ጥበብ ከዓለም ቀደምት አገሮች አንዷ ስለ ሆነች፥ በእርስዋ የደረሰው በሌላው አይደርስም ብሎ የሚኰራ መሥሪያ ቤት አይኖርም።

መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም.፥ በኢትዮጵያ ደመራ በሚደመርበት ዕለት፥ በዴጆን ከተማ በሚገኘው የመንግሥት መረጃ ማእከል አምስተኛ ፎቅ ላይ በምሽት እሳት ተነሣ። በዚህ ማእከል የብዙ ሚኒስቴሮችና መሥሪያ ቤቶች ኮምፒዩተሮች ባንድ ላይ ተሰብስበው ይሠሩ ነበር። እሳቱ የወጣው ከሊቲየም ባትሪዎች ነው። ባትሪዎቹ ደግሞ የተቀመጡት የኤሌክትሪክ ኃይል ድንገት ቢቋረጥ ሥራው እንዳይቆም ለመጠባበቂያ ነበር፤ እንግዲህ አንዱን ሥጋት ለማራቅ የገባው መሣሪያ ለሌላው ምንጭ ሆነ ማለት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2014 የተተከሉ ስለ ሆኑ ዐሥር ዓመት አልፏቸዋል። ይልቁንም የሚያስደንቀው፥ እሳቱ የተነሣው ባትሪዎቹን ከኮምፒዩተሮቹ ለይቶ ወደ ምድር ቤት የማውረዱ ሥራ ተጀምሮ ሳለ መሆኑ ነው። ሥጋቱም መፍትሔውም የታወቁ ነበሩ፤ ጥፋቱ የመጣው ከመፍትሔው አፈጻጸም መካከል ነው።

እሳቱን ፈጽሞ ለማጥፋት ወደ 22 ሰዓት ያህል ፈጀ። በቀጥታ የተቃጠሉት 96 የሥራ ሥርዓቶች ሲሆኑ፥ ሙቀቱ ሌሎቹንም እንዳያበላሽ በማእከሉ ያለው ሁሉ እንዲዘጋ ተደረገ። በዚህ ምክንያት የፖስታ ቤቱ የገንዘብ አገልግሎትና የመታወቂያው ማረጋገጫ ተቋረጡ፤ ሐዘንተኞች እንኳ የዘመዳቸው አስከሬን የሚቃጠልበትን ቀንና ቦታ በተለመደው መንገድ መያዝ ተሳናቸው። መንግሥቱ በመጀመሪያ የቆሙት ሥርዓቶች 647 ናቸው ብሎ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ቍጥሩ 709 መሆኑን ገለጸ። ልዩነቱ የመጣው ከክፉ አሳብ አይደለም፤ የሥርዓቶቹ ሁሉ ዝርዝር የሚጠበቅበት ሥርዓት ራሱ ከቆሙት መካከል ስለ ነበረ፥ ሠራተኞቹ ያስታወሱትን ያህል ብቻ ቈጥረው ነው። ስንት ልጆች እንዳሉት የሚናገረው ወረቀት ከቤቱ ጋር የተቃጠለበትን አባት ይመስላል።

ከዚህም የከፋ አለ። የመንግሥት ሠራተኞች የሥራ ጽሑፋቸውን ሁሉ የሚያኖሩበት ጂ ድራይቭ የተባለ የጋራ ማከማቻ ነበረ። ጽሑፍ በየሰዉ ኮምፒዩተር ተበታትኖ እንዳይጠፋና እንዳይሰረቅ ተብሎ ሁሉም በዚያ እንዲያኖር ታዝዞ ነበር፤ ትእዛዙም በራሱ ክፉ አልነበረም። ከ70 በላይ በሚሆኑ መሥሪያ ቤቶች የሚገኙ ከ100,000 የሚበልጡ ሠራተኞች ይጠቀሙበት ነበር። በውስጡ የተከማቸው 858 ቴራባይት ሲሆን፥ መጠኑ እጅግ ትልቅ ነው ተብሎ በሌላ ቦታ ቅጅ አልተደረገለትም። ስለዚህ ተቃጥሎ ጠፋ። በትእዛዙ ይበልጥ የጸናው የሠራተኞች አስተዳደር ሚኒስቴር ይበልጥ ተጐዳ፤ ትእዛዙን ቸል ብለው በራሳቸው መሣሪያ ላይ ቅጅ ያኖሩት ግን ብዙ ሥራቸውን አተረፉ። ታዛዡ የሚጐዳበትና እንቢተኛው የሚተርፍበት አሠራር የተበላሸው ከላይ እንጂ ከታች አይደለም።

ይህ ከመሆኑ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፥ ጥቅምት 5 ቀን 2015 ዓ.ም.፥ ካካኦ የተባለው የግል ኩባንያ ኮምፒዩተሮቹን ባኖረበት ሕንጻ እንደዚሁ ከባትሪ እሳት ተነሥቶ አገሩ በሙሉ የመልእክት አገልግሎት አጥቶ ነበር። ያን ጊዜ የመንግሥቱ ባለሥልጣኖች ኩባንያዎች መጠባበቂያ ማእከል እንዲኖራቸው በብርቱ ቃል ተናገሩ፤ ሕግም ወጣ። ለመንግሥቱ ራሱ በጎንጁ ከተማ የታሰበው መጠባበቂያ ግን ለብዙ ዓመታት ሲዘገይ ቆይቶ፥ እሳቱ በተነሣ ጊዜ ሙሉ ሥራውን አልጀመረም ነበር።

አሁን ነገሩን ከፍሎ ማየት ይገባል። የባትሪዎቹን ዕድሜ የሚያውቅ ሰው ነበረ። ማከማቻው ቅጅ እንደሌለው የሚያውቅ ሌላ ሰው ነበረ። ሁሉም ጽሑፍ ወደ ማከማቻው ይግባ ብሎ ያዘዘም ነበረ፤ የጎንጁን መዘግየትም የበጀቱ ሰዎች ያውቁታል። እያንዳንዱ የራሱን ቍራጭ ያውቃል። ነገር ግን ያረጀው ባትሪ፥ ቅጅ የሌለው ጽሑፍና ያልተፈጸመው መጠባበቂያ ባንድ ገጽ ላይ ጐን ለጐን ተጽፈው በአንድ ሥልጣን ባለው ሰው ፊት የቀረቡ ቢሆን ኖሮ፥ ባትሪ የማውረዱ ሥራ ከመጀመሩ አስቀድሞ ጽሑፉ ይገለበጥ የሚል ትእዛዝ ለመስጠት ብዙ ጥበብ አያስፈልግም ነበር። ሥጋትን ማስተባበር የሚባለው ይህ ነው። አዲስ ዕውቀት ማምጣት አይደለም፤ በየክፍሉ ያለውን ዕውቀት ማገናኘት ነው።

የፓሪሱ የኖትር ዳም ካቴድራል እሳትም ከዚህ ዘር ነው። ሕንጻው የፈረንሳይ መንግሥት ንብረት ነው፤ የሚገለገሉበት ካህናት ናቸው፤ የእሳቱን ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ይጠብቅ የነበረው ደግሞ የግል ኩባንያ ሠራተኛ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2011 ዓ.ም. ምሽት መሣሪያው በእውነት ጮኸ፤ ነገር ግን መልእክቱ በትክክል ስላልተተረጐመ ጠባቂው የዕቃ ቤቱን ጣራ ሊመለከት ሄደ። እሳቱ ያለው ከዋናው ጣራ ሥር ነበር። ስሕተቱ ታውቆ የእሳት አደጋ ሠራተኞች እስኪጠሩ ግማሽ ሰዓት ያህል አለፈ። በሌላው ወገን ግን የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ንዋየ ቅድሳቱ እንዴት እንደሚወጣ አስቀድመው ያሰቡበት ስለ ነበረ፥ አክሊለ ሦክ ተብሎ የሚከበረው ንዋይና ብዙ ሌላ ዕቃ ዳነ። ካቴድራሉ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ታድሶ ተከፈተ። ባንድ ሕንጻ፥ ባንድ ምሽት፥ የተዘጋጁበት ነገር ሲሳካ ያልተዘጋጁበት ፈረሰ።

በኢትዮጵያ ሥጋትን በማራቅ ረገድ እንደ ጥንታዊ ገዳማት ልምድ ያለው መሥሪያ ቤት ያለ አይመስልም። ስሙን እንዲህ ብለው አልጠሩትም እንጂ፥ አንዱ ገዳም የሌላውን ብራና እያስገለበጠ ሲያኖር የኖረው መጽሐፍ ባንድ ቦታ ብቻ ሲኖር እንደሚጠፋ ስለ ታወቀ ጭምር ነው። መጽሐፈ ሄኖክ በምሉዕ ዛሬ በግእዝ ብቻ ሊገኝ የቻለው በብዙ አድባራት በብዙ እጅ ስለ ተገለበጠ ነው። በኋላም ዘመን፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1973 ጀምሮ፥ ወደ 9,000 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው አንዱ ቅጅ በአዲስ አበባ ሌላው በአሜሪካ በሚኒሶታ እንዲኖር ተደርጓል። ሁለተኛው ቅጅ ከመጀመሪያው ጋር ባንድ ጣራ ሥር የተቀመጠ እንደ ሆነ ግን ለእሳት ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ዋናው ሣጥን ላይኛው መደርደሪያ ላይ፥ ቅጁም ታችኛው ላይ አኑሮ ተጠባበቅሁ የሚል መዝገብ ቤት ራሱን ያታልላል።

ይህ አሳብ ሲነሣ ኮሚቴ ይቋቋም የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል። ኮሚቴ ለምክር መልካም ነው። ነገር ግን ሰባት ሰው የፈረመበት ሥጋት ሲደርስ ሰባቱም ስድስቱን ያመለክታሉ። የሚያስፈልገው ስሙ የታወቀ አንድ አስተባባሪ ነው። እርሱም ሥጋቱን ሁሉ በራሱ ጫንቃ የሚሸከም አይደለም፤ የመዝገብ ቤቱ ሥጋት ባለቤት የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ፥ የገንዘቡም የሒሳብ ሹሙ ነው። የአስተባባሪው ሥራ ከክፍል ወደ ክፍል እየተመላለሰ መጠየቅ፥ የተነገረውን ባንድ መዝገብ መጻፍ፥ ባንዱ ክፍል የሚደረገው ነገር ሌላውን የሚነካ ሲሆን ሁለቱን ማገናኘት፥ በተባለው ቀን ያልተፈጸመውን ለበላዩ ማመልከት ነው። ጣራ የሚያድሰውን ተቋራጭና የሌሊት ዘበኛውንም ማነጋገር አለበት፤ ዘበኛው ብዙ ጊዜ ከዲሬክተሩ ይልቅ የሕንጻውን ጠባይ ያውቃል። ደግሞም ማንንም ሳያስፈቅድ ወደ መሥሪያ ቤቱ የበላይ ሊገባ ይገባዋል። በሦስት እርከን ጸሐፊ እየተጣራ የሚደርስ ማስጠንቀቂያ ሲደርስ ለስልሶ ነው።

በመዝገቡ ላይ የሚቀድመውና የሚከተለው በሁለት ነገር ይለያል፤ ሊደርስ የሚችለው ምን ያህል ጊዜ ነው? ቢደርስስ ጕዳቱ ይመለሳል ወይስ አይመለስም? እርሳስና ወረቀት እንዳይሰረቅ የሚደረገው ቍጥጥር ብዙ ሰው ሲያደክም ይታያል፤ የጐደለው እርሳስ ግን በማግሥቱ ይገዛል። የአንድ ባላገር የመሬት ማስረጃ፥ የአንዲት መበለት የጡረታ ፋይል፥ የፍርድ ቤት መዝገብ ከጠፋ በኋላ ግን በየትኛውም ገበያ አይገኝም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውም መጀመሪያ ለዚህኛው ነው።

አስተባባሪም መዝገብም ቢኖር፥ ሥጋትን የሚናገር ሠራተኛ እንደ ክፉ ወሬ አምጪ የተቈጠረ እንደ ሆነ መዝገቡ ባዶ ይሆናል። ገመዱ ይሞቃል ብሎ ያመለከተው ሰው ሥራ ፈላጊ፥ ጠብ አንሺ፥ አለቃውን የሚከስስ ተብሎ ከተሰየመ፥ ሁለተኛው ሠራተኛ የሞቀ ገመድ ዐይቶ ዝም ይላል። ንጹሕ የሆነ የሥጋት መዝገብ የቀረበለት ሹም ደስ ሊለው አይገባም፤ ሰዎቹ ለምን ፈሩ ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል እንጂ።

ገንዘብ የለም የሚለውም ምክንያት በከፊል እውነት ነው። አዲስ የመረጃ ማእከል ማሠራት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ በኮሪያም ያዘገየው አንዱ ይኸው ነው። ነገር ግን የመሥሪያ ቤቱን መዝገቦች ዝርዝር በወረቀት አትሞ በሌላ ሕንጻ ማኖር፥ ቁልፎቹን ቈጥሮ በባለቤታቸው ስም መጻፍ፥ የሚተካው ሰው የሌለውን ሠራተኛ ሌላ ሰው እንዲያስተምር ማዘዝ፥ ተቀዳ የተባለው ቅጅ በእውነት የሚከፈት መሆኑን በየወሩ ከፍቶ ማየት፥ ለእነዚህ የሚወጣው ገንዘብ ከአንድ የስብሰባ መስተንግዶ አይበልጥም።

የመንግሥቱ የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ቀን ይፈጸማል፤ የንብረት ቈጠራም በዚያው ሰሞን ይደረጋል። ቈጣሪዎቹ በየክፍሉ እየገቡ ወንበር ሲቈጥሩ ለክፍሉ ኃላፊ አንድ ጥያቄ ይጨምሩለት፤ ነገ ጧት ይህ ክፍል ተዘግቶ ቢገኝ የሚቆመው ሥራ የትኛው ነው? መልሱ ከዕቃው ዝርዝር ቀጥሎ በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ የባለቤቱ ስምና የሚፈጸምበት ቀን ይጨመርበት፤ ሹሙ በተዛወረ ጊዜም አስረካቢው አስረከብሁ፥ ተረካቢው ተረከብሁ ብለው ከወንበሩ በታች በዚያው ወረቀት ላይ ይፈርሙ።