ፕሮፌሰሩ በእንግሊዝኛ፣ ዳኛው በአማርኛ፣ ተከሳሹ በኽምጣና!

እንበልና ዋግ ኽምራ፣ ኒሯቅ ላይ አንድ ገበሬ ሰው ገድለሃል ተብሎ ተያዘ። የሚያውቀው ቋንቋ ኽምጣና ብቻ ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ ፖሊሱ ቃሉን በአማርኛ ይጽፋል፤ ዳኛውም በአማርኛ ይፈርዳል። ዳኛውና ዐቃቤ ሕጉ ደግሞ የወንጀል ሕግን ዩኒቨርሲቲ የተማሩት በእንግሊዝኛ ነው። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ይባላል፤ አፉ የማይሰማለትስ?

ነገሩ ቀልድ አይደለም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። በቸልተኝነት የሆነ እንደሆነ ግን በመደበኛው ከ3 ዓመት ቀላል እስራት አያልፍም። “ሆን ብዬ” እና “ሳላስብ” የሚሉትን ሁለት ቃላት አስተርጓሚ ቢያምታታቸው የሰው ዕድሜ ተበላ ማለት ነው!

የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ስዊሳዊው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ናቸው። በ1956 ዓ.ም. የሕግ ፋኩልቲ ሲከፈትም ፊሊፕ ግራቨንና ስታንሊ ፊሸርን የመሳሰሉ ፈረንጆች አስተማሩ፣ መጽሐፍም ጻፉልን። ምስጋና ይገባቸዋል። ያኔ እንኳ የፋኩልቲው መጽሔት በእንግሊዝኛም በአማርኛም ይታተም ነበር።

ዛሬስ? መምህራኑ የኛው ልጆች ናቸው። ትምህርቱና ጥናቱ ግን አሁንም በፈረንጅ አፍ! የወንጀል ፍትሕ መምህር ረዳት ፕሮፌሰር፣ ከዚያም ተባባሪ ፕሮፌሰር ለመባል ጽሑፍ ማሳተም አለበት። ጽሑፉን ማን ያነበዋል? ሌላው ማዕረግ ጠባቂ! ሰቆጣ ችሎት ተቀምጦ አስተርጓሚው ምን እንደጨመረ፣ ምን እንደዋጠ የመዘገበ መምህር ቢገኝ ግን ለድካሙ ስንት ነጥብ ይሰጠው ይሆን?

ሕገ መንግሥቱማ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ተናግሯል። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ይነገረው ይላል፤ አንቀጽ 20 ደግሞ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይቁምለት ይላል። እሰየው! ግን አስተርጓሚውን ማን አሠለጠነው? የወንጀል ሕግን በኽምጣና የሚያስረዳ መዝገበ ቃላትስ የማን ሥራ ነው? የፖሊስ ነው? የገበሬው ነው? የምሁሩ ነው እንጂ!

ስለዚህ መንግሥት አንቀጽ እየጠቀሰ ከመፎከር አስተርጓሚ ማሠልጠኛ በጀት ይመድብ። ዩኒቨርሲቲዎችም በወረዳ ችሎት የተሠራ ጥናትን ለማዕረግ ዕድገት ይቁጠሩ፤ ጥናቱም ቢያንስ በአማርኛ ተጽፎ ለዳኞቹ ይድረስ። የዋግ ሰው ጦርነት አፈናቅሎታል፣ ድርቅ አራቁቶታል። በማይሰማው አፍ እስር ቤት መውረድ ግን የሰማይ ቁጣ አይደለም፤ የሰው ሥራ ነው። ልብ ያለው ልብ ይበል!