ውሻን ከበሽታ መጠበቅ ሰውን መጠበቅ ነው

ውሻ ከጥንት ጀምሮ የሰው ቤት ጠባቂ ሆኖ ይኖራል። ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ እርሱ ነቅቶ ያድራል፤ እረኛው መንጋውን ሲያሰማራ አብሮት ይወጣል፤ ሌባ ወይም ጅብ ወደ ቅጥሩ ሲቀርብ አስቀድሞ የሚጮኸው እርሱ ነው። ስለዚህም ውሻ በበላበት ይጮኻል ተብሎ ተተርቶለታል። ዳሩ ግን ለዚህ ሁሉ አገልግሎቱ የሚከፈለው ዋጋ ብዙውን ጊዜ ፍርፋሪና ዱላ ነው። በሬ ቢታመም ባለሙያ ይጠራለታል፤ በቅሎ ብታነክስ መድኃኒት ይፈለግላታል፤ ውሻ ቢታመም ግን የሚያስብለት የለም።

ይህ ቸልተኝነት የሚጎዳው ውሻውን ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ የርኅራኄ ጉዳይ ሆኖ በቀረ ነበር። ነገር ግን የውሻው በሽታ ወደ ባለቤቱና ወደ ልጆቹ የሚተላለፍ ስለ ሆነ የሕዝብ ጤና ጉዳይ ነው። ከነዚህም በሽታዎች ሁሉ የሚከፋው የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ይህ በሽታ ከታመመው እንስሳ ምራቅ ጋራ በንክሻ ወደ ሰው ሥጋ ይገባና በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጕዞው ሳምንታት፤ አንዳንድ ጊዜም ወራት ይፈጃል፤ እስከዚያም ድረስ የተነከሰው ሰው ፍጹም ጤነኛ ይመስላል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚድን የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚሁ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል። ከመቶው 40 ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው። ልጅ ከውሻ ጋራ ይጫወታል፤ ቁመቱ አጭር ስለ ሆነም ፊቱንና ራሱን ይነከሳል፤ ቍጣ ፈርቶም የተነከሰውን ይደብቃል።

በሽታው ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የቀድሞ ሊቃውንት ያቆዩአቸው የመድኃኒት መጻሕፍት ስለ እብድ ውሻ ንክሻ ይናገራሉ፤ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1903 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በብርቱ ተነሥቶ እንደ ነበር በታሪክ ተጽፏል። መከላከያውም እንግዳ አይደለም። የፈረንሳዩ ሊቅ ሉዊ ፓስተር በ1885 ዓ.ም. በእብድ ውሻ የተነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ በክትባት ከሞት አድኗል። እንግዲህ ሰው እስከ ዛሬ የሚሞተው መከላከያው ሳይታወቅ ቀርቶ ሳይሆን፤ ክትባቱ ወደ ውሻውና ወደ ተነከሰው ሰው በጊዜ ሳይደርስ ስለሚቀር ነው።

በየከተማው ውሻ ሲበዛ መርዝ ያለበት ሥጋ በየመንገዱ መጣል እንደ መፍትሔ ሲቈጠር ኖሯል። አሳቡ ሕዝብን ለመጠበቅ ነው፤ ፍሬው ግን እንደ አሳቡ አይደለም። መርዝ የተከተበውን ካልተከተበው አይለይም። የሞቱት ውሾች ቦታም ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ ከሌላ ሰፈር የመጡና አዲስ የተወለዱ፤ ያልተከተቡ ውሾች ፈጥነው ይይዙታል። ከአንድ አገር ውሾች ከመቶው 70 ያህሉ በየጊዜው ቢከተቡ ግን በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ ይቋረጣል፤ የተከተበ ውሻ ለሰፈሩ ሁሉ እንደ ቅጥር ይሆናልና። የሜክሲኮ መንግሥት ለብዙ ዓመታት ውሾችን በዘመቻ በነጻ ሲያስከትብ ኖሮ፤ በ2019 ዓ.ም. ከውሻ በሚተላለፈው በዚህ በሽታ ሰው መሞቱን እንዳስቀረ የዓለም ጤና ድርጅት መስክሮለታል።

የቸልታው ጕዳት በሰው ላይ ብቻ አይቆምም። በባሌ ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም፤ ቍጥሩም እጅግ ጥቂት ነው። ይህንም አውሬ በ2003 ዓ.ም. ከመንደር ውሾች የተዛመተው ይኸው በሽታ ፈጅቶታል።

ሌላው አደጋ ከዕርድ ጋራ የተያያዘ ነው። በበዓል ቀን በግ ወይም በሬ ሲታረድ፤ ውኃ የቋጠረ እባጭ ያለበት ሳንባና ጉበት ለሰው አይሆንም ተብሎ ለውሻ ይጣላል። በእባጩ ውስጥ ያለው ዘር በውሻው አንጀት ትል ይሆናል፤ የትሉም እንቍላል ከውሻው ኵስ ጋራ ወጥቶ በሣርና በአትክልት ላይ ይቀራል። ከብቱ ይህን ሲግጥ፤ ሰውም ባልታጠበ እጅ ወይም ባልታጠበ ጎመን ሲበላው ያው እባጭ በጉበቱና በሳንባው ይበቅላል። ለውሻ የተጣለው ዞሮ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ ማለት ነው። መከላከያውም ቀላል ነው፤ እንዲህ ያለው ሆድ ዕቃ ጥልቅ ጕድጓድ ተቈፍሮ ይቀበር ወይም ይቃጠል፤ ለውሻውም በየጊዜው የትል መድኃኒት ይሰጠው።

በዚህ ሥራ የሹማምንት ድርሻ ከፍ ያለ ነው። ሰው ሲነከስ ጉዳዩ የጤና መሥሪያ ቤት ነው ይባላል፤ የውሻው ክትባት የእንስሳት ሐኪም ነው ይባላል፤ በጎዳና የሚዞረው ውሻ የማዘጋጃ ቤት ነው ይባላል። ሦስቱ በየፊናቸው ሲሠሩ ውሻው በመካከል ሳይከተብ ይቀራል። የአንድ ውሻ ክትባት ዋጋ ለተነከሰ ሰው ከሚወጋው የብዙ ጊዜ መድኃኒት ዋጋ እጅግ ያነሰ ነውና፤ ሦስቱ መሥሪያ ቤቶች በአንድ ቀን፤ በአንድ መዝገብ፤ በየወረዳው ውሾችን ቢያስከትቡ ገንዘብም ሕይወትም ይተርፋል።

የካህናት ድርሻም ከዚህ አያንስም። የተነከሰ ሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ንስሓ አባቱና ወደ ጠበል ነው። መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፤ መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምራልና፤ ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም። ስለዚህ የንስሓ አባት ለልጁ የሚሰጠው ምክር ይህ ሊሆን ይገባል፤ ቍስሉን ወዲያውኑ በብዙ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል እጠብ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ፤ የታዘዘልህን ክትባት ሳታቋርጥ ጨርስ፤ ጠበሉንም ከዚህ ጋራ ተጠመቅ። በሽታው ወደ አንጎል ሳይደርስ የሚገኘው ጊዜ አጭር ስለ ሆነ አንዲቱ ቀን እንኳ ልትባክን አይገባም።

ያለ ፍርድና ያለ ካሣ የፈሰሰ ደም ደመ ከልብ ይባላል። የአንድ ውሻ ክትባት ችላ በመባሉ የሚሞት ሕፃን በእውነት ደሙ ደመ ከልብ ሆኖ ይቀራል። ባለቤት ውሻውን ቢያስከትብ፤ ሹም ክትባቱን ቢያቀርብ፤ ካህን ምእመኑን ቢመክር፤ ይህ ሞት ከአገር ሊጠፋ የሚችል ነው።