«እንዴት ነው የሚጠፋው?» ብሎ የጠየቀን የለም

ክፍል ውስጥ ስለ መረጃ ማጣራት በተማርን ቁጥር እኔን ትዝ የሚለኝ ጋዜጣ ሳይሆን የአጎቴ የጭነት መኪና ነው። ሳቃችሁን ለጊዜው ያዙልኝ።

በ2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤት በኮሮና ምክንያት ሲዘጋ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤት ከምትቀመጥ ተባልኩና ከአጎቴ ጋር ረዳት ሆኜ ወጣሁ። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭነን አዲስ አበባ እናደርሳለን። መኪናዋ በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የላትም። ታዲያ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ዳገቱን ስትጀምር ድንገት ቀጥ ትላለች። አንዳንዴ ወዲያው ትነሳለች፣ አንዳንዴ ሰዓት ታስቆመናለች። ጋራዥ ስንወስዳትማ ጤነኛ ናት!

የመጀመሪያው ጋራዥ «ዳገት ላይ ከሆነ ነዳጅ ነው» ብሎ ፊልትሮ ቀየረ፣ ሰልባትዮ አጠበ። ሁለተኛው ሁለቱንም ባትሪዎች አስቀየረን፤ ሞተሪኖው እንደ ጉድ እየዞረ ባትሪ ለምን እንደተቀየረ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ሦስተኛው ፖምፓውን አውርዶ አደሰ። የዚህን ሂሳብ አጎቴ የከፈለው ተበድሮ ነው። ተመልሰን ዳገቱ ላይ ስንደርስ አሁንም ቀጥ። ሽንኩርት ደግሞ አይጠብቅም።

መገመት ኃጢአት ነው አልልም። የመጀመሪያው መካኒክ ግምት እንዲያውም መሠረት ነበረው፤ ዳገት ላይ ሞተር ብዙ ናፍጣ ይፈልጋል። ፊልትሮ ከታፈነ፣ ወይም ሰልባትዮ ውስጥ ያለ ቆሻሻ መምጠጫው ቱቦ አፍ ላይ ከተለጠፈ የሚታወቀው ያኔ ነው። ሞተሩ ሲቆም ቆሻሻው መልሶ ይወድቅና መኪናው ምንም እንዳልሆነ ሊነሳ ይችላል። ግን በነዳጅ እጥረት የሚቆም ሞተር አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ጉልበት ያጣል፣ ይንገዳገዳል፣ ከዚያ ነው የሚጠፋው። የእኛዋ ቁልፍ እንደተዘጋባት ሁሉ በአንዴ ነበር ጸጥ የምትለው። ይህንን አጎቴም እኔም እናውቅ ነበር። የጠየቀን የለም፤ እኛም ቁም ነገር መሆኑን ስላላወቅን አልተናገርንም።

አንድ ቀን ከደብረ ሲና ብዙም ሳንርቅ ቆመችና ጭራሽ አልነሳም አለች። ከከተማ የመጡት አዛውንት ኤሌክትሪሺያን በእጃቸው የያዙት ሁለት ሽቦ የተቀጠለበት አምፖል ብቻ ነው። መጀመሪያ ያሉት «እንዴት ነው የሚጠፋው?» ነበር። ነገርናቸው። በብዙ አሮጌ የናፍጣ ፖምፓዎች ላይ ኤሌክትሪክ ሲደርሳት ለነዳጁ መንገድ የምትከፍት፣ ሲቋረጥባት የምትዘጋ ትንሽ ቫልቭ አለች። የእሷን ገመድ ነቀሉና እኔን ቁልፍ አስከፍተው የአምፖሉን አንድ ጫፍ ከገመዱ፣ ሌላውን ከማሳው፣ ማለትም ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኙ። አልበራም። «ቢበራ ኖሮ ወይ ቫልቯን ወይ ነዳጁን እንጠረጥር ነበር» አሉ። ገመዱን ከካቢኑ ወደ ሞተሩ በሚያልፍበት ቦታ ሲያወዛውዙት ብልጭ አለ። ከላይ ላስቲኩ ደህና ነው፤ ውስጡ መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ ተበጣጥሷል። ሞተሩ ዳገት ላይ ሲጨነቅ በመቀመጫ ጎማዎቹ ላይ ዘንበል እያለ ገመዱን ይስበው ነበር። ይባስ ብሎ በየጋራዡ ካቢኑ በተገለበጠ ቁጥር ያው ገመድ ይታጠፋል። እናስጠግናታለን ብለን ስናብሳት ከረምን ማለት ነው።

ጥፋቱ ግን የመካኒኮቹ ብቻ አይደለም፤ እዚህ ላይ የማይስማማኝ ብዙ ሊኖር ይችላል። እኛ ባለመኪኖቹ የምንከፍለው ለተቀየረ ዕቃ ነው። አሮጌው በእጃችን ሲሰጠን ደስ ይለናል። ሁለት ሰዓት ሙሉ አምፖል ይዞ ብልሽቱን የፈለገን ሰው ግን «ምን ሠራህ?» እንላለን። አጎቴ ራሱ ለእኚያ አዛውንት ከፍሎ ሲመለስ «ለአንድ ክር ሽቦ!» ሲል ሰምቼዋለሁ። ታዲያ መካኒኩ ዕቃ ሳይቀይር ምን በልቶ ይደር? ለምርመራ ራሱን የቻለ ዋጋ ይቆረጥ፣ ባለመኪናውም ሳያንገራግር ይክፈል ባይ ነኝ። መካኒኩ ደግሞ ቡሎን ከመፍታቱ በፊት ሹፌሩን ይጠይቅ፤ ስትሞቅ ነው ስትቀዘቅዝ? በጭነት ነው በባዶ? ተንገዳግዳ ነው በአንዴ? እኛ አንደኛ ዓመት ላይ የተማርነው «መቼ፣ የት፣ እንዴት» ጋራዥም ይሠራል።

አጎቴ አሁን ካቢኑ ውስጥ አንድ አምፖልና አንድ ደብተር አይለየውም። ደብተሩን የምጽፍለት እኔ ነበርኩ። ኮሌጅ ከገባሁ ወዲህ አዲሱ ረዳት ነው የሚጽፈው፤ ጽሑፉን ከራሱ በቀር የሚያነበው ባይኖርም።