ታይፎይድ ያልተገኘበት እጁን ያውጣ

ወዳጆቼ፣ ራስ ምታትና ቁርጥማት ይዞት ክሊኒክ ገብቶ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ሳይባል የወጣ ሰው አለ? ሁለቱ እንደ እንጀራና ወጥ አብረው ነው የሚቀርቡት። አንዱ በተበከለ ምግብና ውሃ፣ ሌላው በቅማል የሚተላለፍ፣ የማይገናኙ በሽታዎች ናቸው እኮ! በአንድ ሰው ላይ፣ በአንድ ቀን፣ ያውም በየሁለት ወሩ እንዴት ይገጣጠማሉ?

ጉዱ ያለው ምርመራው ላይ ነው። ዊዳል እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ ያለ ምርመራ ነው። ሰውነታችን በባክቴሪያው ላይ የሠራውን አንቲቦዲ እንጂ ባክቴሪያውን ራሱን አያይም። ሳልሞኔላ ታይፊ ደግሞ ኑሮው መደበቅ ነው።

እስቲ መንገዱን እንከተለው። በአንጀት ግድግዳ ሾልኮ ሲገባ ማክሮፌጅ፣ ማለትም ተህዋሲ ውጦ የሚፈጨው ነጭ የደም ሴል፣ ይውጠዋል። ብዙው ባክቴሪያ እዚያ ያልቅለታል። ይኼ ግን በተዋጠበት ከረጢት ውስጥ ሆኖ፣ መርፌ በመሰለ መሣሪያ የራሱን ፕሮቲኖች ወደ ሴሉ እየወጋ የመፍጫውን ሥርዓት ያዛባል፤ እዚያው ይራባል። ከዚያ በዚያው ሴል ተሳፍሮ ጉበት፣ ጣፊያና መቅኔ ይደርሳል። ዘበኛውን ታክሲ አደረገው ማለት ነው! ላዩ ላይ ደግሞ ቫይ የሚባል የስኳር ካባ ደርቧል፤ ካባው የበሽታ መከላከያችንን የሚያነቃውን የውጭ ገጽታውን ይሸፍንለታል። ተራ ሳልሞኔላ በአንድ ሁለት ቀን በተቅማጥ ሲያጣድፈን፣ ታይፎይድ አንድ ሁለት ሳምንት ድምፁን አጥፍቶ የሚከርመው አንድም ለዚህ ነው። (ተማሪዎቼ፣ ቫይ የለበሰው ባክቴሪያ በኦ ሴረም አልያያዝ ሲል አፍልታችሁ ካባውን ታስወልቁት እንደነበር መቼም አትረሱም።)

ዊዳል የሚፈልገው የኦ እና የኤች አንቲቦዲ ነው። በበሽታው መጀመሪያ ይህ ገና በቂ ላይሆን ይችላል፤ እውነተኛው ታማሚ «ኔጌቲቭ» ተብሎ ይመለሳል። በሌላ በኩል ኦ 9 እና ኦ 12 የሚባሉት አንቲጅኖች ከእንቁላልና ከዶሮ በሚመጣው ሳልሞኔላ ኢንተሪቲዲስ ላይም አሉ። ስለዚህ ያለፈ የሆድ ሕመም ዛሬ «ታይፎይድ ፖዘቲቭ» ሊያሰኛችሁ ይችላል። ውጤቱ ትርጉም የሚኖረው ከ7 እስከ 14 ቀን ልዩነት ሁለት ናሙና ተወስዶ መጠኑ አራት እጥፍ ሲጨምር ነው። ሁለተኛ ናሙና የተጠየቀ ካለ ይንገረኝ። የታይፈሱ ዌል-ፌሊክስማ የባሰ ነው፤ የሚጠቀመው ፕሮቲየስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው!

«ታዲያ ሐኪሙ ምን ያድርግ? የደም ካልቸር በየት በኩል?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ካልቸርም ቢሆን ከአሥር ታማሚ አራት ያህሉን ይስታል፤ ባክቴሪያው ሴል ውስጥ ስለሚያደፍጥ ደም ውስጥ የሚገኘው በጣም ጥቂት ነው። ግን የተሻለ ስለጠፋ የማይረባው ትክክል ይሆናል እንዴ? ወባውንና ግርሻውን በደም ፊልም አይቶ፣ ታማሚውን በደንብ ጠይቆና ዳስሶ መወሰን ከዚህ ወረቀት ይሻላል። በግልጽ እናውራ ካላችሁ፣ ዊዳል ያልሞተው ርካሽ ስለሆነ፣ ገንዘብ ስለሚያስገባና ታማሚውንም «ተገኘልኝ» አሰኝቶ ስለሚሸኝ ነው።

ጣጣው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሳምንታት ያተኮሰው የቲቢ ታማሚ በታይፎይድ ስም ሲፕሮ ሲሰጠው ለጊዜው ሊሻለው ይችላል፤ የሲፕሮ ቤተሰብ መድኃኒቶች የቲቢን ባክቴሪያም ይነካሉና። ምርመራው ይዘገያል፤ እሱ እቤቱ እየሳለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በፓኪስታን ሲንድ ግዛት የተነሣው ታይፎይድ ደግሞ ሲፕሮንም ሴፍትሪያክሶንንም ተቋቁሞ፣ ከሚዋጡት መድኃኒቶች አስተማማኝ ሆኖ የቀረው አዚትሮማይሲን ነበር። እኛ ጋ እሱም ያለ ማዘዣ እንደ ከረሜላ ይሸጣል።

በየላብራቶሪው ያላችሁ ልጆቼ፣ እምቢ ማለት ባትችሉ እንኳ ውጤቱ ሥር «ነጠላ ናሙና ብቻውን ታይፎይድን አያረጋግጥም» ብላችሁ ጻፉ። አለቃችሁ ከተቆጣ ይህን ጽሑፍ አሳዩት፤ መልስ ካለው እዚሁ ኮሜንት ላይ እጠብቀዋለሁ።